የእጅ ዋጋ፤ የሎንዶን የቤት ዕቃ ሠራተኞች የዋጋ መጽሐፍ ታሪክ (1788–1850)

ስለ ቤተ መንግሥቶችና ስለ ነገሥታት ዙፋን ብዙ ተጽፏል። ዙፋኑን የጠረበው ሰው ለስንት ቀን ሥራ ስንት እንደ ተከፈለው የጠየቁ ጸሐፊዎች ግን ጥቂቶች ናቸው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ሁለተኛውን ጥያቄ ነው፤ ለምርመራችን የመረጥነው ከተማ ሎንዶን፥ ዘመኑም ከ1788 እስከ 1850 ያለው ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ጤፍ ወይም ጨው ዋጋውን የሚያገኘው በገበያ ነው፤ ትናንት የተሸጠበት ዋጋ ለዛሬው መነሻ ይሆናል። በትእዛዝ የሚሠራ የእንጨት ዕቃ ግን ትናንት የለውም። ደንበኛው «በዚህ ማዕዘን የምትገባ፥ ሦስት መሳቢያ ያላት፥ ቁመቷ ከመስኮቱ ሥር የማያልፍ ሣጥን ሥራልኝ» ሲል፥ ያችን ሣጥን ከዚያ በፊት የገዛም የሸጠም ስለሌለ ገበያው ዋጋዋን አያውቀውም። እንጨቱ ይለካል፤ ኮላውና ምስማሩ ይቈጠራል፤ ክርክሩ የሚነሣው በተረፈው ነገር ላይ ነው። በአዲስ አበባ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ደጃፍ ጥቂት የቆመ ሰው ይህን ክርክር ሰምቶታል፤ ደንበኛው «እንጨቱ የሚፈጀው ይህንኑ አይደል?» ይላል፤ ባለሙያውም «የእጄስ?» ብሎ ይመልሳል። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የነበሩት የሎንዶን ሠራተኞች ለዚህች ጥያቄ በማተሚያ ቤት የታተመ መልስ ለማዘጋጀት የሞከሩ ሰዎች ናቸው።

ከእነርሱ በፊት የነበረው የታወቀው መልስ የቀን ዋጋ ነበር። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ በ301 ባወጣው የዋጋ አዋጅ አናጢ ከምግቡ ጋር በቀን ከ50 ዲናር በላይ እንዳይቀበል ወስኗል። ዳቦ ጋጋሪውም 50 ነው፤ ግድግዳ ቀቢው 75፥ ሥዕል ሣዩ 150 ነው። በእንግሊዝ አገርም በ1563 የወጣው የባለእጆች ሕግ የየአውራጃው ዳኞች የሠራተኛውን ክፍያ በየዓመቱ እንዲወስኑ ሥልጣን ሰጣቸው። ይህ ዓይነት መልስ ለመንግሥት ይመቻል፤ ለአንዲት ሣጥን ግን ብዙ አይጠቅምም። ምክንያቱም የቀኑ ዋጋ ቢታወቅም ሣጥኗ ስንት ቀን እንደምትፈጅ አዋጁ አይነግረንም። ባለሙያው ስድስት ቀን ይላል፤ ደንበኛው ሦስት ቀን ይላል፤ በመካከላቸው የሚፈርድ የለም።

በሎንዶን ግን ሥራን በቀን ሳይሆን በአሠራሩ የመለየት ልማድ ቀደም ብሎ ነበር። በ1632 የከተማዪቱ አስተዳዳሪዎች የአናጢዎችንና የዕቃ ገጣጣሚዎችን ማኅበር ክርክር ሲዳኙ ድንበሩን ያሰመሩት በመጋጠሚያው ላይ ነው። በምላስና በቀዳዳ፥ ወይም እንደ ርግብ ጅራት ሰፋ ብሎ በተቆረጠ ጥርስ፥ ወይም በኮላ የሚያያዝ ዕቃ ለገጣጣሚዎቹ ተሰጠ፤ ሳንቃ በምስማር የሚመታበት ሥራ ለአናጢዎቹ ቀረ። ከዚህ ፍርድ የምንረዳው ነገር ቢኖር አንድ ነው፤ ይኸውም የዕቃውን ማንነት የሚወስነው እንጨቱ ሳይሆን እጅ እንጨቱን ያያያዘበት መንገድ መሆኑን የከተማው ሹማምንት ራሳቸው የተቀበሉት መሆኑ ነው። ከዚያ እስከ ዋጋ መጽሐፍ ድረስ የቀረው መንገድ ረጅም ቢሆንም አቅጣጫው በዚህ ተጀምሯል ብለን እናምናለን።

በ18ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ደግሞ የትልልቆቹ የሥራ ቤት ባለቤቶች ሒሳብ እናገኛለን። ከእነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው ቶማስ ቺፐንዴል ነው። በዮርክሻየር ኖስቴል ለሚባለው ቤት ከ1766 ጀምሮ ዕቃ ያቀርብ ነበርና፥ ለባለቤቱ ለሰር ሮውላንድ ዊን የላከው ሒሳብ እስካሁን ተጠብቆ ይገኛል። በዚህ ሒሳብ ውስጥ ከትልቅ የማሆጋኒ የመጻሕፍት ክፍል ጠረጴዛ ጋር ለወጥ ቤት የሚሆን ጠንካራ የመክተፊያ ግንድ ተመዝግቧል። ጠረጴዛው 72 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ፥ መክተፊያው 10 ሺሊንግ ነው። አንድ ፓውንድ 20 ሺሊንግ ነበርና ጠረጴዛው የመክተፊያውን 145 እጥፍ ያወጣል ማለት ነው። የአውሮፓን ዕቃ የሚያደንቁ መጻሕፍት ጠረጴዛውን ያሳያሉ፤ ለእኛ ጥያቄ ግን መክተፊያው ይበልጥ ይጠቅማል። ያን ያህል ስመ ጥር ሰው የወጥ ቤት ግንድ ለመሥራት አልተጠየፈም፤ ዋጋም ቈርጦለታል። ሒሳቡ የማይነግረን ነገር ግን ከ10 ሺሊንጉ ምን ያህሉ የእንጨት፥ ምን ያህሉ የእጅ፥ ምን ያህሉ የመጠበቂያ እንደ ሆነ ነው።

«የመጠበቂያ» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ አገር ልማድ ባላባት የሚገዛው በዱቤ ነው። ዊን ክፍያውን እያዘገየ ቺፐንዴልን ያስጨንቀው እንደ ነበር የቺፐንዴል ደብዳቤዎች ይመሰክራሉ። እንጨት ነጋዴውና ሠራተኛው ግን እንደ ባላባቱ የሚታገሡ አልነበሩም። ስለዚህ ብልህ የሆነ የሥራ ቤት ባለቤት የሚዘገየውን ገንዘብ አስቀድሞ በዋጋው ላይ መጫን ነበረበት፤ ብዙዎቹ ይህንንም አድርገው አልዳኑም። የቺፐንዴል ልጅ፥ እርሱም ቶማስ የሚባለው፥ በ1804 ኪሳራ ላይ ወደቀ። በእኛ አገር ቀብድ ሳይቀበል መጋዙን የማያነሣው ባለሙያ በዚህ በኩል ከሁለቱም የተሻለ ብልሃት ይዟል ለማለት እንደፍራለን።

እስካሁን ያየነው በደንበኛውና በሥራ ቤቱ ባለቤት መካከል ያለውን ነው። በዕቃው ላይ እጁን ያሳረፈው ግን ብዙውን ጊዜ ሦስተኛ ሰው ነበር፤ ይኸውም ልምምዱን ፈጽሞ፥ የራሱን መሮና መላጊያ በሣጥን ይዞ፥ በሌላ ሰው ሥራ ቤት የሚሠራው ቅጥር ባለሙያ ነው። በሎንዶን ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚሠሩት በቀን ሳይሆን በቁርጥ ነበር። ሥራው በቁርጥ ከሆነ ደግሞ የየዕቃው ዋጋ አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ካልታወቀ በየሰኞው ጠብ ነው።

በ1788 የሎንዶን የዕቃ ሠራተኞች ማኅበር «የሎንዶን የቤት ዕቃ ሠራተኞች የዋጋ መጽሐፍ» የተባለውን አሳተመ። በውስጡ ያሉትን ሥዕሎች አብዛኞቹን የነደፈው ቶማስ ሺረር ነው። መጽሐፉ ተሻሽሎና ሰፍቶ በ1793 ለሁለተኛ ጊዜ ታተመ።

የመጽሐፉ ዘዴ ጥቂት ቆም ብለን ልናየው የሚገባ ነው። የዕቃዎችን ዋጋ እንዲሁ አይዘረዝርም፤ እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ ደንበኛው አንድ ጣት አስፍቶ ባዘዘ ጊዜ መጽሐፉ ዋጋ ባጣ ነበር። የሚጀምረው መነሻ ከሚሆን ዕቃ ነው። ለምሳሌ የልብስ መሳቢያ ሣጥን ቢሆን፥ ወርዱ ይህን ያህል፥ መሳቢያው አራት፥ ፊቱ ቀጥ ያለ፥ ጌጥ የሌለው ይሁን ይልና ለዚህ ብቻ የእጅ ዋጋ ይቈርጣል። ከዚያ በታች ጭማሪዎቹ ይከተላሉ። በወርዱ ለሚጨመር ለእያንዳንዱ ኢንች፥ ለተጨማሪ መሳቢያ፥ ቍልፍ ለመግጠም፥ በመሳቢያው ዙሪያ ለሚዞር ክፈፍ፥ ተራውን እንጨት በስስ ልባስ እንጨት ለመሸፈን፥ በጠረጴዛ ፊት ለሚከተት ቀጭን የጌጥ መስመር፥ ጐበጥ ላለ ፊት፥ ለእያንዳንዱ የየራሱ ዋጋ እስከ ፔኒና እስከ ግማሽ ፔኒ ድረስ ተወስኗል። በመጨረሻም ለማንኛውም ዕቃ የሚያገለግሉ ሠንጠረዦች አሉ። እንግዲህ ማንም አይቶት የማያውቀው ዕቃ ቢታዘዝ እንኳ ሠራተኛውና አሠሪው መጽሐፉን ገልጠው ከመነሻው ጀምረው ይደምራሉ። ዕቃው አዲስ ነው፤ ክፍሎቹ ግን አዲስ አይደሉም። ትናንት የሌለውን ዕቃ ትናንት ሰጡት ማለት ነው።

ይህን ሠንጠረዥ ማዘጋጀት የሚችለው ማን ነበር? ዳኛ አይችልም፤ ደንበኛም አይችልም። የጐበጠ መሳቢያ ፊት ከቀጥታው ምን ያህል ጊዜ እንደሚበልጥ፥ ቍልፍ መግጠም ከማጠፊያ መግጠም በምን እንደሚከብድ የሚያውቀው እጁ የሠራው ሰው ብቻ ነው። በዚያው በ1788 የጆርጅ ሄፕልዋይት ሚስት አሊስ የሟች ባሏን ሥዕሎች ሰብስባ አሳትማ ነበር፤ ያ መጽሐፍ በዓለም የታወቀ ነው፥ ደንበኛው ምን ሊመኝ እንደሚችል ያሳያል። ዋጋ የሚባል ነገር ግን የለበትም። የሺረር ሥዕሎች ያሉበት መጽሐፍ ያን ያህል ዝና አላገኘም፤ ይሁን እንጂ ምኞቱ የሰውን ዕድሜ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ የሚነግረን እርሱ ነው። የጥበብ ታሪክ ተማሪዎች ሁለቱን መጻሕፍት ሲያነጻጽሩ የእግሩን ቅርጽና የጌጡን ስልት ይመለከታሉ፤ የዋጋውን ዓምድ ዘለውት ያልፋሉ። ይህ ለእኛ ትልቅ ጉድለት መስሎ ይታየናል።

መጽሐፉ በሎንዶን ብቻ አልቀረም። ሊድስ በ1791፥ ኖርዊች በ1801 የራሳቸውን አወጡ። ወንበር ሠሪዎችና ቀራጮች በ1802 በሎንዶን ለብቻቸው አሳተሙ፤ የእነርሱ መጽሐፍ በአርእስቱ ላይ ዋጋው «የእጅ ሥራ» ዋጋ መሆኑን በግልጽ ይናገራል። በ1811 ደግሞ አሠሪዎችና ሠራተኞች በአንድ ኮሚቴ ተቀምጠው ያዘጋጁት መጽሐፍ ወጣ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በ1799 እና በ1800 የእንግሊዝ ምክር ቤት ሠራተኞች ደመወዝ ለማስጨመር እንዳይተባበሩ የሚከለክሉ ሕጎች አውጥቶ ነበር፤ እነዚህ ሕጎች እስከ 1824 አልተሻሩም። የወንበር ሠሪዎቹ የ1802 መጽሐፍና የ1811ዱ የጋራ መጽሐፍ የወጡት በዚሁ የክልከላ ዘመን ነው። ዳኞች ደመወዝ እንዲወስኑ የሚያዘው አሮጌው የ1563 ሕግ ደግሞ በደመወዝ ረገድ በ1813፥ በልምምድ ረገድ በ1814 ተሻረ። ስለዚህ ሠራተኛው ከአንድ ወገን በሕግ የሚቈረጥለት ዋጋ ጠፋበት፤ ከሌላ ወገን ተባብሮ ዋጋ መጠየቅ ተከለከለ። በዚህ መካከል የዋጋ መጽሐፍ እንዴት ኖረ? አስተያየታችን እንዲህ ነው፤ መጽሐፉ የሚናገረው ስለ መሳቢያና ስለ ቍልፍ ስለ ሆነ የሰዎች ውል ሳይሆን የዕቃ ዝርዝር ይመስል ነበር። ለአሠሪውም ይጠቅመዋል፤ ደንበኛው ዋጋ ሲጠይቀው መጽሐፉን ገልጦ የእጁን ወጪ በአምስት ደቂቃ ያውቃል፤ ጎረቤቱ ያለው አሠሪም በዚያው ዋጋ እያሠራ ስለ ሆነ ሥራውን በርካሽ እጅ አይነጥቀውም። አዳም ስሚዝ በ1776 አሠሪዎች ደመወዝ እንዳይጨምር በዝምታ የተባበሩ ናቸው ብሎ መጻፉ የታወቀ ነው፤ የዋጋው መጽሐፍ ይህን ዝምታ ሁለቱም ወገን በሚያነቡት ወረቀት ላይ አወጣው።

አሜሪካ ተሻግረን ብናይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በፊላዴልፊያ በ1772 የታተመ የዋጋ ዝርዝር አለ፤ የሚታወቀው አንድ ቅጂ በከተማው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። በዚህ ዝርዝር ለአንድ ዕቃ በማሆጋኒ ሲሠራ፥ በዋልነት ሲሠራ፥ ለቅጥሩ ባለሙያ የሚከፈለው ደግሞ ስንት እንደ ሆነ ጎን ለጎን ተጽፏል። ሁለቱን ቍጥሮች የቀነሰ ሰው እንጨቱን፥ ኪራዩንና የባለቤቱን ትርፍ በአንድነት ያገኘዋል። ሠራተኞቹ መቀነስ ያውቁ ነበር። በ1794 እና በ1795 የሎንዶኑን አርአያ ተከትለው የራሳቸውን መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ1796 ከአሠሪዎቹ ጋር በተጣሉ ጊዜም የራሳቸውን መሸጫ ቤት ከፍተው ለደንበኛ በቀጥታ ሸጡ። በ1802 በኒው ዮርክ አሠሪዎቹ ሠራተኞቹ ያልተስማሙበትን፥ ክፍያውን ዝቅ ያደረገ አዲስ መጽሐፍ ባወጡ ጊዜ ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው ተመሳሳይ እርምጃ ወሰዱ። መጽሐፉ ዋጋ ከማስላት አልፎ መጣያ ምክንያት መሆኑን ከዚህ እናያለን።

ይሁንና መጽሐፉን ከልክ በላይ ማመስገን አይገባንም። የሚቈጥረው እጅ በጠረጴዛ ላይ ከዋለበት ሰዓት ጀምሮ ብቻ ነው። እንጨቱ ተመርጦ፥ ደርቆ፥ ሥዕሉ ጸድቆ፥ ትእዛዙ ቈርጦ እንደ ቀረበ አድርጎ ይነሣል። ማዕዘኑን ለመለካት ወደ ደንበኛው ቤት መሄድን፥ ደንበኛው አሳቡን ሲለውጥ የባከነውን ሳንቃ፥ መሮ መሳልን፥ ገንዘቡ እስኪመጣ መጠበቅን አይጽፍም። ይህ ሁሉ በባለቤቱ ጫንቃ ላይ ነበር። ሠራተኛውና ባለቤቱ ሁለት ሰዎች እስከ ሆኑ ድረስ ይህ ክፍፍል ይሠራል። አንዱ ሰው ሁለቱንም በሆነ ጊዜ ግን መጽሐፉ የሚሰጠው የመልሱን ግማሽ ብቻ ነው፤ የእጁን ዋጋ ብቻ አስልቶ ዋጋ የሚነግር ብቸኛ ባለሙያ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ባለቤት ይሆናል።

ሁለተኛው ጉድለት የቁርጥ ሥራ ራሱ ነው። መጽሐፉ ለመሳቢያው ዋጋ ይሰጣል፥ ለሰውዬው ዕረፍት ግን አይሰጥም። ስሚዝ በዚያው መጽሐፉ በቁርጥ የሚሠሩ ሰዎች ክፍያው ጥሩ ሲሆን ራሳቸውን አለልክ እየገፉ ጤናቸውን እንደሚያጠፉ አስተውሎ፥ የሎንዶን አናጢ በሙሉ ጉልበቱ የሚቈየው ከስምንት ዓመት አይበልጥም እየተባለ እንደሚነገር ጽፏል። ቍጥሩ በሰው አፍ የሚነገር እንጂ በምርመራ የተገኘ አይደለም፤ ሆኖም የዘመኑ ሰው እንዲህ ማመኑ ብቻውን ብዙ ይናገራል።

ከ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በኋላ የሎንዶን ሥራ መልኩን ለወጠ። ማርክ ኢዛምባርድ ብሩኔል በባተርሲ ባቋቋመው የመጋዝ ቤት ልባስ እንጨት በመሣሪያ ይሰነጠቅ ጀመር፤ ልባሱ ረከሰ። የልምምድ ግዴታ በሕግ ቀርቷል። ጥቂት ሺሊንግ ያለው ሰው ጥቂት እንጨት ገዝቶ፥ በሚኖርበት በጣራ ሥር ባለ ክፍል ጠረጴዛውን ተክሎ፥ ሚስቱንና ልጆቹን ረዳት አድርጎ «ባለቤት» መሆን ቻለ። ጋዜጠኛው ሄንሪ ሜይኸው በ1850 በሎንዶን እየዞረ እነዚህን ሰዎች ባነጋገረ ጊዜ በማኅበሩ ሥር ሆነው በልማድ በጸና ዋጋ የሚሠሩትን ከ600 እስከ 700፥ ከማኅበሩ ውጭ ሆነው ዋጋቸው በውድድር የሚወሰነውን ግን ከ4,000 እስከ 5,000 አድርጎ ገመታቸው። እንግዲህ መጽሐፉ በ1850 አልሞተም፤ ከስምንት ሰው አንዱን ያህል ብቻ ይጠብቅ ነበር።

ሜይኸው ካነጋገራቸው መካከል ለእኛ ጥያቄ ይበልጥ የሚቀርቡት ትንንሽ ዕቃ የሚሠሩት፥ የሻይ ቅጠል ሣጥን፥ የሴቶች የስፌት ሣጥን፥ የጽሕፈት ሣጥን የሚያዘጋጁት ናቸው። ብዙዎቹ የሚኖሩት በስፒታልፊልድስና በቤትናል ግሪን ነበር። እጃቸው ከማኅበርተኞቹ እጅ ያነሰ ነበር ብለን ለመናገር አንችልም፤ ከመካከላቸው ቀድሞ በጥሩ ሥራ ቤት የነበሩ ይገኙባቸዋል። ልዩነቱ ትእዛዝ የሌላቸው መሆኑ ነው። ማኅበርተኛው መላጊያውን ሲያነሣ ዕቃው ማን ዘንድ እንደሚሄድ፥ ዋጋውም ስንት እንደ ሆነ ተወስኗል። የጣራ ሥሩ ሠራተኛ ግን መጀመሪያ ይሠራል፤ ገዢውን የሚፈልገው በኋላ ነው። ሣጥኗ ካለቀች በኋላ «የእጄስ?» ብሎ ለመጠየቅ ጊዜው አልፏል።

ዕቃውን የሚገዙት ትልልቅ መጋዘኖች ነበሩ፤ ሠራተኞቹ እነዚህን መጋዘኖች «ቄራ» እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሠራተኛው የሳምንቱን ሥራ በትከሻው ወይም በጋሪ ይዞ ከአንዱ ቄራ ወደ ሌላው ይዞራል፤ ባለ መጋዘኑም የሚቈርጥለትን ዋጋ ይነግረዋል። ዋጋው ባነሰ ቍጥር ሠራተኛው በሚቀጥለው ሳምንት ብዙ ሣጥን ይሠራል፤ ብዙ ሣጥን በወጣ ቍጥር ዋጋው ተመልሶ ያንሳል፤ ሌሊትም እሑድም ይሠራል። ባለ መጋዘኑ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልገውም ነበር። ሠራተኛው ሰኞ የሚሠራበትን እንጨትና እሑድ ቤተ ሰቡ የሚበላውን የሚገዛው በዚያው በቅዳሜ ማታ ገንዘብ ስለ ነበረ፥ ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሊመለስ እንደማይችል ሁለቱም ያውቃሉ።